የሩፈይዳ መንጋጋ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዝናቡ አልወጣ አለ። ቡናው ቀልቶ ለቃሚ እየጠበቀ ሰማዩ ገና ክረምት ነኝ ይላል።

ዛሬ ታዲዮስ ከታማሚ የቆረጠውን ናሙና ይዞ ራሱ ላቦራቶሪዬ ድረስ መጣ። በሰው መላክ ሲችል ራሱ ከመጣ ነገር አለው ማለት ነው። ታዲዮስ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪማችን ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ገና ሠላሳዎቹን መጀመሩ ነው፤ ጢም ለማሳደግ የሚያደርገው ትግል ሆስፒታሉን ሁሉ ያሳዝናል። ሲቆጣ “ዶክተር” ይለኛል፣ ሲርበው “እትዬ ሸዋዬ”። ዛሬ ሁለቱንም አለኝ።

ናሙናው እዚሁ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከየቡ የመጣች የአንዲት ልጅ ነው። ሩፈይዳ ትባላለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የግራ ታችኛው መንጋጋዋ አብጧል፤ ጥርሶቿም እየተነቃነቁ ነው።

“ጥር ላይ ሠርጓ ነው፤ ቶሎ ይነበብልኝ” አለኝ።

“ሠርጉ የሷ ነው ወይስ ያንተ?” አልኩት።

እሱ ከራጁ ተነስቶ ፈርዷል፤ ከጥርስ ዘር የሚበቅለው ያ አስቸጋሪ ዕጢ ነው ይላል። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ መንጋጋ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ሁሉ በራጅ ላይ እንደሚመሳሰል ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል፤ ተጠርጎ ይድናል። ዕጢ ይሆናል፤ አጥንቱ ካልተቆረጠ ተመልሶ ይመጣል። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱም ጥቁር ጉድጓድ ናቸው። ሁለቱን በማይክሮስኮፕ ለመለየት ነው እኔ ደመወዝ የምበላው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ስላይዱን በማይክሮስኮፕ አነበብኩ። ታዲዮስ ያለው ዕጢ አይደለም።

በደም የራሰ ሥጋ መሐል ግዙፍ ሴሎች ተበትነዋል፤ አንዱ ብቻውን አሥርም ሃያም አስኳል ይዟል። እነዚህ አጥንት የሚበሉ ናቸው። እየበሉ መሆናቸውን አይቻለሁ፤ ማን እንደላካቸው ግን ስላይዱ አይናገርም። አንዳንዴ እዚያው መንጋጋው ውስጥ የተነሱ ናቸው፤ ያኔ ቆርጦ ማውጣት ነው። አንዳንዴ ደግሞ መንጋጋው ምንም አላጠፋም። አንገት ውስጥ የሰውነትን ካልሲየም የምታዝ ትንሽ ዕጢ አለች፤ እሷ ካበደች የሰውነት አጥንት ሁሉ ካልሲየሙን ወደ ደም እንዲያፈስ ታዛለች፤ ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው መንጋጋ ላይ ሊሆን ይችላል። በማይክሮስኮፕ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚለያቸው የደም ምርመራና የበሽተኛዋ ቃል ነው።

ሪፖርቱ ላይ ካልሲየሟ ይታይ ብዬ ጻፍኩ። የካልሲየም መመርመሪያው ኬሚካል ካለቀ ቆይቷል አሉኝ። እሺ፣ እንግዲያው ልጅቷን እንጠይቃት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ጠየቅናት። ታዲዮስና እኔ፣ በሱ ክፍል።

መልኳ እንዴት ያምራል! እብጠቱን በሻርፕ ሸፍናው ገባች። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ ይዘዋት የመጡት አማቷ የሚሆኑት ሴት ናቸው። ሃዳ ሬድዋን ይሏቸዋል፣ የሬድዋን እናት ማለት ነው፤ የራሳቸውን ስም የሚጠራ ያለ አይመስለኝም። ልጃቸው ሬድዋን የቡ ላይ ቡና ያደርቃል። ሴትዮዋ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው የሻርፗን ጫፍ ይዘው ነው የቆዩት።

“ሌላ የሚያምሽ አጥንት አለ? ተሰብሮ የሚያውቅ?” አልኳት።

“ለኪ። የለም” አለች፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ካደች።

“የኩላሊት ጠጠርስ? የሚወጋሽ ጎን? ውሃ ጥም?”

“የለም። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።”

ሃዳ ሬድዋን መሬት መሬት ያያሉ።

ከወጡ በኋላ ታዲዮስ እጁን አፋተገ። መንጋጋው ብቻ ከሆነ ግራውን ግማሽ ያወጣዋል፣ በብረት ፕሌት ይተካዋል። አዲስ አበባ ያሉት አስተማሪው ፕሮፌሰር ለአንድ ቀን መጥተው አብረውት ሊሠሩ ቃል ገብተዋል፤ ኅዳር 26። ያ ቀን ካለፈ እስከ ፋሲካ አይመጡም። በራሱ እጅ የሚሠራው የመጀመሪያው ግማሽ መንጋጋ ነው። ደስ አለው። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ፕሌቱ መጣ። ታዲዮስ በልመና ያገኘው ነው። በልጅቷ መንጋጋ ልክ ሞዴል አሠርቶ፣ ፕሌቱን በዚያ ላይ አጥፎ አጥፎ ልክ አድርጎታል። ለበዓል ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ይዞት እየዞረ ለሁሉም ያሳያል፤ ጽዳት ሠራተኞቹ እንኳ አልቀሩም።

ምሳ አልበላም ነበር። ከቤት የተረፈ ወጥ ስለነበረኝ ሰጠሁት። ከሚጣል ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ተጣላን።

ራጁን መስኮት ላይ ለጥፌ ሳየው ዋልኩ። ራጅ ማንበብ የኔ ሥራ አይደለም፤ ግን ዓይን አለኝ። በጤነኛ ሰው ጥርስ ሥር ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር ትታያለች። ሩፈይዳ ላይ የለችም። ባበጠው በኩል ባትኖር አይገርመኝም፤ በደህናውም በኩል የለችም! አጥንቷን ሁሉ የሚበላ ነገር አለ።

ይህን ይዤ ሄድኩ። “ራጁ ጥራት የለውም” አለኝ።

“ካልሲየሟ ሳይታይ አትነካትም።”

“ልጅቷ የለም ብላለች፣ ዶክተር። ጠይቀው የሰሙት እርስዎ ነዎት። ፕሮፌሰሩ ሊመጡ ነው፣ ጠረጴዛው ተይዟል፣ ሠርጓ ደርሷል።”

“የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ” አልኩት።

“የፈራስ?” አለኝና ወጣ።

እውነቱን ነው፤ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። የለም ብላለች። ለምን ይሆን የማላምናት?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሻይ ቤት። በመጋረጃው ወዲያ የታዲዮስ ድምፅ፦ “አሮጊቷ ፈርታለች፤ ጡረታዋ ስለደረሰ ስሟ እንዳይነሳ ነው።” አብሮት የነበረው ሳቀ። ታዲዮስ ሲስቅ አልሰማሁም። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

አሮጊት!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የምጽፈው ከደስታ ይሁን ከንዴት አላውቅም።

የነቢያት ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ጠዋት ምሳ ዕቃ ስቋጥር ባለቤቴ ዓምደሚካኤል ክዳኑን ከፍቶ አየ። ቀይ ወጥ ነው፣ በሥጋ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“የተረፈ ነው። ለታዲዮስ። ጴንጤ አይደል፤ እነሱ አይጾሙም።”

“በጾም፣ በኛ ቤት፣ ከማን ተርፎ?” አለ። “ደግሞ ተጣልተናል አላልሽም?”

“ስለተጣላን ይራብ?”

ሳቀብኝ። ከዚያ ማታ ራት ላይ አላስቀምጥ አለኝ፤ አንቺ እኮ የልብሽን አትናገሪም፣ እናቴ ዱለት ባቀረበችልሽ ቁጥር “እንዴት ይጣፍጣል” እያልሽ፣ እሷ እስክታርፍ ድረስ ዱለት በልተሽ ኖርሽ አለኝ። ጥሬ ዱለት ከቶ ወድጄ አላውቅም። “ታዲያ በአማቴ ፊት ምን ልበል?” አልኩት።

ይህን እንዳልኩ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

በአማቷ ፊት ነው የጠየቅናት! ሠርጓ የደረሰ ልጅ፣ አማቷ ሻርፗን ይዘው ተቀምጠው፣ “ተሰብሮ የሚያውቅ አጥንት አለሽ ወይ” አልናት። ምን ልትል ኖሯል? እንኳን ሩፈይዳ፣ እኔ ዶክተሯ በሰሃን ዱለት እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም። ታዲዮስ ወንድ ነው፣ ልጅ ነው፣ ምራት ሆኖ አያውቅም። እኔ ግን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ዋሸሁ። ለቅድመ ምርመራ ሲመጡ ሃዳ ሬድዋንን “ካርድ ክፍል ፊርማዎ ይፈለጋል” ብዬ ላክኋቸው። ካርድ ክፍል ደግሞ ምን ዓይነት ሰልፍ እንዳለ እግዜር ያውቃል።

በሩን ዘጋሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት።

“የለም” አለች። ከዚያ ዓይኗ ሞላ። “ለሃዳ ሬድዋን አይነግሩም?”

“አልነግርም።”

“ወላሂ ይበሉ።”

“እኔ ክርስቲያን ነኝ። ሚካኤልን ልበልልሽ?”

“እሱም ይሆናል” አለች።

አምና ነው። ውሃ የሞላ ጀሪካን ስታነሳ ክንዷ ቋ አለ። አባቷ ሀቢቡላህ፣ የየቡ ሰው እንዳይሰማ ብለው፣ ሰቃ ከተማ ወዳለች አክስቷ ወሰዷት፤ ወጌሻ እዚያው አሰረላት። እስኪድን ድረስ “አክስቷን ልታስታምም ሄዳለች” ተባለ። እጅጌዋን ሰብስባ አሳየችኝ፤ ክንዷ ጠሟል። ጎኗን ይወጋታል፤ አንድ ጊዜ ከሽንቷ ጋር ጠጠር ወጥቷል። ውሃ ጠጥታ አትረካም።

“ሁልጊዜ ይደክመኛል። ሰነፍ ይሉኛል። ሰነፍ አይደለሁም፣ እኔኮ ሥራ እወዳለሁ” አለች። “አጥንቷ የማይረባ ልጅ ማን ያገባል? ሬድዋን ደግሞ… ሬድዋን ጥሩ ልጅ ነው።” ስሙን ስትጠራ ፊቷ በራ።

አቅፌያት አለቀስን። እኔም ነበርኩበት፣ ምን አባቴ ላድርግ።

ደሟን ከተማ ውስጥ ወዳለ የግል ላቦራቶሪ በራሴ እጅ ወሰድኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ካልሲየሟ ከልክ በላይ ነው። በጣም!

ወረቀቱን ታዲዮስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበው፤ ደገመው። ክንዷን ነገርኩት፤ ለሐኪሟ ነውና ሚካኤል አይቀየመኝም። ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ እዚያ የተሰቀለውን ራጅ አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

“ልቆርጣት ነበር” አለ።

“አልቆረጥካትም።”

“በሚቀጥለው ሳምንት ልቆርጣት ነበር፣ እትዬ ሸዋዬ።” አልራበውም ነበር እኮ፤ የሰጠሁትን ምሳ ገና አሁን ነው የጨረሰው።

ለፕሮፌሰሩ ራሱ ደወለ። “አይምጡ፤ መንጋጋ አይደለም፤ ፓቶሎጂስታችን ደርሳበታለች” አለ። ስልኩን ዘግቶ እኔን ሳያይ “ሻይ ቤት የተናገርኩትን ሰምተዋል?” አለኝ።

“የምን ሻይ ቤት?” አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

የአንገቷ ዕጢ ሆርሞን የሚለካው አዲስ አበባ ነው። ደሟን በበረዶ አሽገን ላክን። መኪናው ሰኮሩ ላይ ተበላሽቶ አደረ። በረዶው ቀለጠ። ናሙናው ተጣለ። እንደገና ልንቀዳ ነው።

ሩፈይዳ፦ “ለሠርጌ ትንሽ ደም አስተርፉልኝ እንጂ!” እብጠቷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ያማታል።

ለሃዳ ሬድዋን “ምርመራ ይቀራል” እያልኩ ነው። ምንም አይጠይቁም። እስከ መቼ?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ሆርሞኗ ደረሰ፤ ሰማይ ነክቷል። አልትራሳውንዱም ዕጢዋን አገኛት፤ ከታይሮይድ ጀርባ፣ በግራ። “የበሰለ የቡና ፍሬ ታክላለች” አለ ታዲዮስ። የአርባ ምንጩ ልጅ ጅማ ገብቶበታል።

ቀዶ ሕክምናው አንገት ላይ ይሆናል፤ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቦና ይሠራዋል። ለመንጋጋ የመጣች ልጅ ለምን አንገቷ እንደሚከፈት ሳይነገር ማን ይፈርማል? ምክንያቱን ለማስረዳት ደግሞ ክንዷ መነሳቱ አይቀርም። እኔ ምያለሁ። የምትናገረው እሷ ናት።

ነገርኳት። “እንግዲያው ሠርጉ ይቅር” አለች። “በኔ አፍ ከምነግራቸው ይቅር። መንጋጋዬንም ቁረጡት፤ እሱን እንደሆነ አውቀውታል።”

ይህን ሰምቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሁለቱንም አስቀመጥኳቸው። ታዲዮስም አለ። አንገቷ ውስጥ ያለችውን ዕጢ ገለጽኩላቸው፤ መንጋጋው እንደማይቆረጥ ነገርኳቸው፤ ሃዳ ሬድዋን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። ከዚያ የቀረውን ለሷ ተውኩት። ታዲዮስ ሊናገር ሲል እግሩን ረገጥኩት።

ሩፈይዳ መሬት እያየች በኦሮምኛ ጀመረች። ፈጠን ፈጠን እያለች ተናገረችው፤ ጀሪካኑን፣ ሰቃን፣ ወጌሻውን፣ ጠጠሩን። ስትጨርስ “የዋሸሁት እንዳትጠሉኝ ነው” አለችና ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች።

“የሰቃው ወጌሻ የአጎቴ ልጅ ነው” አሉ ሃዳ ሬድዋን።

ልጅቷ ቀና አለች።

“ያሰረልሽ ዕለት ማታውኑ ሰምቻለሁ። የቡ ውስጥ ያልሰማ የለም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ አባትሽ ብቻ ናቸው የተደበቀ የሚመስላቸው።”

“ሬድዋንስ?”

“ማን ሆነና ያኔ ሰቃ ድረስ ማር የላከልሽ? እሱ ነው። አክስትሽ ናቸው የላኩት አሉሽ? ሽማግሌ የላክነውም ከዚያ በኋላ ነው እኮ። ክንድሽን አውቀን ነው የላክነው።”

እኔ ግን ንዴቴ መጣ። “ታዲያ ያን ቀን ስንጠይቃት ለምን አልተናገሩም? መንጋጋዋ ሊቆረጥ ነበር!”

“እሷ የለም አለች፣ ዶክተር። እኔ አለ ብዬ ልጅቷን በሰው ፊት ላዋርዳት? እናት የላትም። የኔን ፊት ፈርታ ነው የደበቀችው፤ እኔ ደግሞ የሷን ፊት ፈራሁ። ጥርስና ክንድ ምን እንደሚያገናኛቸው ወላሂ አላወቅኩም።” ማልቀስ ጀመሩ። “ባውቅ ዝም እል ነበር?”

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። መንጋጋን ግን ያነቅዛል። አንዷ ለሌላዋ ብላ፣ በይሉኝታና በፍቅር ተባብረው፣ ልጅቷን ለቢላ አቀረቧት። እኔም በዶክተርነቴ መሐላቸው ተቀምጬ “የለም” ብዬ ጻፍኩ። ይህንን ለራሴ ደግሜ ደግሜ እነግረዋለሁ።

ሃዳ ሬድዋን ተነስተው የልጅቷን እጅጌ ሰበሰቡና የጠመመውን ክንድ ሳሙት። ታዲዮስ ድንገት ራጁን መመርመር አማረው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ዕጢዋ ወጣች። ላቦራቶሪዬ ውስጥ ራሴ ቆርጬ ራሴ አየኋት፤ ካንሰር አይደለችም። ዶክተር ቦና እጁ ይባረክ። የደሟ ካልሲየም እየወረደ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ካልሲየሟ ከልኩም በታች ወረደ። የተራቡት አጥንቶቿ የተወሰደባቸውን ሁሉ ከደሟ መልሰው እየወሰዱ ነው። ጣቶቿ ደነዘዙ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሃዳ ሬድዋን ከአልጋዋ ግርጌ ቁርዓን ይቀራሉ። አሁን የታዲዮስ በሽተኛ እንኳ አይደለችም፤ እሱ ግን ካልሲየም የተጨመረበትን ግሉኮስ እየጠበቀ አጠገቧ ዋለ፤ በከንፈሩ ይጸልያል። እኔም በልቤ ገብርኤልን እየጠራሁ ነው። ጆሮ ያለው ይስማን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ተረጋጋች። ተመስገን!

ታዲዮስ ፕሌቱን መሳቢያ ውስጥ ሲያስገባ ደረስኩ። “ለሌላ ሰው አይሆንም፤ በሷ ልክ ነው ያጠፍኩት” አለ።

“አዘንክ?”

“ያልሠራሁት ቀዶ ሕክምና እንዲህ ያስደስተኛል ብዬ አላውቅም ነበር” አለኝ። ከዚያ “ዛሬስ የተረፈ ነገር የለም?” አለ። ነበረ። ዶሮ።

እሑድ፣ ጥር 25

የቡ ሠርጉ ላይ ውለን ገባን። ዓምደሚካኤል እስክስታውን እንዳልረሳው አሳየ፤ ነገ ወገቡ ይጠይቀዋል። ታዲዮስ ከሙሽራው ሚዜዎች ጋር ጨፈረ። ሙሽራዋ ሥጋ በግራ በኩል ስታኝክ አየኋት፤ እኔና ታዲዮስ አፏን እያየን ሌላውን ሁሉ ረሳነው፤ ሰው ምን አለን ይሆን?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሩፈይዳ ለክትትል መጣች። እብጠቱ ጎድሏል፤ አዲሱ ራጅ ላይ ጉድጓዱ ከዳር እየነጣ ነው። ታዲዮስ ጥርሶቿን አንድ በአንድ በጣቱ ገፋቸው፤ አንዱም አልተነቃነቀም።

ሃዳ ሬድዋን እንደ ልማዳቸው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ታዲዮስ “የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?” አላት። እኔ ሴትዮዋን ለማስወጣት ሰበብ ፍለጋ ብድግ አልኩ።

ሩፈይዳ ግን አማቷን አየቻቸው። “አለ” አለች።

ሁላችንም ደነገጥን።

“ወተቱ። ለካልሲየም ጠጪ ስላላችሁኝ እሳቸው ጠዋት ማታ ይሰጡኛል። ከራሳቸው ላም ነው የሚያልቡልኝ። እኔ ወተት ከልጅነቴ አልወድም፤ ሽታው አንገቴ ላይ ይቆማል። ክኒኑን ብቻ ብወስድ አይሆንም?”

ሃዳ ሬድዋን ወደሷ ዞሩ። “ከሠርጉ ጀምሮ አይደል እንዴ የምትጠጪው? እንዴት ይጣፍጣል ትዪኝ የለም እንዴ?”

“አይጣፍጥም” አለች፤ ቃሏን አላጠፈችም።

ሴትዮዋ የተቀየሙ መሰለኝ። ከዚያ ሻርፗን አስተካከሉላትና በጣታቸው ወደ ጠረጴዛው አሳዩኝ።

“ይጻፉት እንጂ፣ ዶክተር” አሉ። “ይቺ ልጅ ወተት አትወድም።”

ካርዷ ላይ ጻፍኩት።